ጭቃ ካልረገጥን አላጠጣንም

ወሎ ውስጥ ውኃ የሚለካው በእግር ነው። ማሳ ገብተው ሲወጡ ጫማዎ ጭቃ ከያዘ ዛፉ ጠጥቷል። ካልያዘ ግን ሊትሩ ተቆጥሮ ቢነገረው፣ መሐንዲስ መጥቶ ቢመሰክርለት ባለማሳው አያምንም። ከደሴ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ሐይቅ ከተማን ሲያልፉ፣ ከዚያም አምባሰልን አቋርጠው በውጫሌና በውርጌሳ ወደ መርሳ ሲወርዱ፣ ግራና ቀኝ የሚያዩት ማንጎ፣ ብርቱካን፣ ፓፓያና አቮካዶ አብዛኛው ያደገው በዚህ እምነት ነው።

የቦይ ውኃ ለዚህ እምነት የተፈጠረ ይመስላል። ይታያል፣ ይሰማል፣ ጎረቤትም ያየዋል። ከላይ ተለቆ ወደ ታች ሲወርድ ባለቤቱ አካፋውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይከተለዋል፤ እዚህ ይከፍታል፣ እዚያ ይዘጋል፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ይንቦራጨቃል። ማታ ቤቱ ሲገባ የዋለበትን ሥራ የሚመሰክርለት እግሩ ነው። የጠብታ መስኖ ይህን ሁሉ ክብር ይነፍገዋል። ጥቁር ቱቦ መሬት ላይ ተጋድሞ፣ ሳይጮህ፣ አካፋ ሳይጠይቅ፣ በየዛፉ ሥር ጠብ ይላል። ሰውየው ሲያጠጣ ውሎ ያልሠራ ይመስለዋል። ያልሠራ የሚመስለው ሰው ደግሞ የሚሠራው አያጣም፤ ብዙውን ጊዜም የሚሠራው ማበላሸት ነው።

ነገሩ ከመጣበት እንጀምር። እስራኤላዊው የውኃ መሐንዲስ ሲምካ ብላስ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1930ዎቹ፣ አንድ ዛፍ ከጎረቤቶቹ ተለይቶ ሲፋፋ አይቶ ምክንያቱን ቢፈልግ፣ ሥሩ አጠገብ የሚያንጠባጥብ ቱቦ አገኘ ይባላል። ሐሳቡን ሲያብሰለስል ዓመታት አለፉ፤ ፕላስቲክ ሲስፋፋም በ1965 ከኪቡትዝ ሐጸሪም ጋር ሆኖ ነታፊም የተባለውን ኩባንያ መሠረተ። እኛ ዘንድ ቢሆን ታሪኩ ከጅምሩ ያበቃ ነበር። የሚያንጠባጥብ ቱቦ ያየ ሰው ቶሎ ብሎ የብስክሌት ካላማዳሪያ ቀድዶ ያስረዋል፤ ዛፉን ቀና ብሎ የሚያይ የለም።

አሁን ወደ እኛ ማሳና ወደ ምስማሩ። የጠብታ መስኖ ሐይቅ ዙሪያ ሲገባ ከቱቦው ቀጥሎ ማሳ ውስጥ የሚገኘው መሣሪያ ምስማር ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ልጅ አንድ ጠዋት አንድ አዛውንት ማሳ ትገባለች። የማንጎው ረድፍ መጀመሪያ ላይ ኩሬ ተኝቷል፣ መጨረሻው ላይ አቧራ ይነሣል።

«አባቴ፣ ይህን ቀዳዳ ማን አሰፋው?»

«እኔ ነኛ ልጄ። ቱቦው ንፉግ ነው።»

«በሰዓት አራት ሊትር ይሰጣል እኮ። አምስት ሰዓት ከፍተው ቢተዉት ሃያ ሊትር ነው፤ አንድ ሙሉ ጀሪካን።»

«ጀሪካኑን ካሳየሽኝ አምናለሁ።»

«አንቱ ቡናዎን አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለው በሲኒ ነው የሚጠጡት። በቅል ይጨልጡታል?»

«እሱ ለጨዋታው ነው የኔ ልጅ። ማንጎ ምን ጨዋታ አለው?»

ልጅቷ ዝም አለች። ኮሌጅ ያስተማሯት ስለ ግፊትና ስለ ሥር ስፋት እንጂ ስለ ማንጎ ጨዋታ አይደለም። አዛውንቱም ቀልድ አዋቂ ስለሆኑ ክርክሩን ረቱ፤ የረድፉ መጨረሻ ያሉት ዛፎች ግን ደረቁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። በአንድ መስመር ላይ ያሉ ቀዳዳዎች የሚኖሩት ግፊቱን ተካፍለው ነው። ከላይ ያለው በምስማር ከሰፋ የሌላውን ድርሻ ይወስዳል። ከወንዙ በላይ ያሉት ከታች ላሉት ውኃ አላስተረፉም ተብሎ በየዓመቱ ሽማግሌ የሚቀመጥበት አገር ውስጥ፣ አዛውንቱ ያንኑ ጠብ በገዛ ማሳቸው፣ በገዛ ዛፎቻቸው መካከል ፈጠሩት።

ከምስማሩ ቀጥሎ ያለው ትልቁ ትራጄዲ የማጣሪያው ነው። በዚህ ሁሉ ዕቃ ውስጥ እንደ ማጣሪያው የሚጠላ የለም። በሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ከላዩ የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ፀሐይ ውኃውን ስትወስድ የሟሟው ማዕድን እዚያው ይቀራል። በዚያ ላይ አረንጓዴ ዋቅላሚ አለ። ከወንዝ የጠለፈው ደግሞ የበልግ ደለል ይመጣበታል። ኖራነት ያለው ውኃ ቀዳዳው አፍ ላይ ሲደርቅ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ ዋቅላሚው ቱቦው ውስጥ ያሟልጫል፤ ደለሉ የቀረውን ይጨርሳል። ማጣሪያው የተቀመጠው ይህን ሁሉ በር ላይ እንዲይዝ ነው፤ ይይዛልም። ሲይዝ ግን ይሞላል፤ ሲሞላ ውኃው ይቀንሳል። ባለማሳው ይመጣና ይመረምራል፤ ፍርዱንም ይሰጣል፤ «ውኃዬን የከለከለኝ ይኸው ነው!» ማጣሪያው ተፈትቶ አጥር ላይ ይሰቀላል። በዚያን ቀን ውኃው እውነትም ይጎርፋል፤ ሰውየውም ከመሐንዲሱ የበለጠ እንደሚያውቅ ለጎረቤቱ ያወራል። ከዚያ በኋላ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ይደፈናሉ። አንድ ማጣሪያ በብሩሽ ማጠብ የሰለቸው ሰው፣ ሦስት መቶ ቀዳዳ በመርፌ ሲጎረጉር ይከርማል። መርፌ የገባበት ቀዳዳ ደግሞ ወይ ዳግም ይደፈናል ወይ ይሰፋል፤ እንደ ቀድሞው አይሆንም።

ቱቦው ጫፍ ላይ ያለችው መክደኛም ሥራ አላት። በሳምንት አንዴ ውኃው ቱቦው ውስጥ እያለ ትከፈታለች፣ የተጠራቀመው ጭቃ ይወጣል፣ ጥርት ሲል ትዘጋለች። ሥራው ይኸው ነው። ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ግን ማንም አይቶ የማያመሰግነው ሥራ ስለሆነ ከሁሉ ይከብዳል። ለጎረቤት ደቦ ቀኑን ሙሉ የሚያርስ፣ ለሐዘንተኛ ሌሊቱን ድንኳን የሚተክል ጎበዝ፣ ያችን መክደኛ ለመፍታት ጎንበስ ማለት ያቅተዋል።

ማዳበሪያውም የራሱ ትዝብት አለው። ዩሪያ በውኃ ይሟሟል፤ በጠብታ መስመር ቢላክም ይሄዳል። ኤንፒኤስና ዳፕ ግን ሙሉ በሙሉ አይሟሙም፤ ዝቃጫቸው ቱቦው ውስጥ ይቀመጣል። ይህ ሲነገረው «ሁሉም ማዳበሪያ አይደሉም እንዴ?» የሚል አለ። ከእሱ ብሶ ፍግ በርሜል ውስጥ በጥብጦ የሚለቅም አለ። መሬቱ ፍጉን በደስታ ይቀበል ነበር፤ ከመርፌ በቀር የማያሳልፍ ቀዳዳ ግን እንዴት አድርጎ ያሳልፈው?

ዛፉ ማደጉም ሌላ ችግር ሆኗል። ችግኙ ሲተከል አንድ ጠብታ ግንዱ አጠገብ ትበቃዋለች። ዛፉ ሲሰፋ ውኃ የሚፈልጉት ሥሮቹ ወደ ጥላው ዳርቻ ይሄዳሉ፤ ጠብታውም በቁጥር ጨምሮ አብሯቸው መውጣት አለበት። በየማሳው የሚታየው ግን የሰው ቁመት ሁለት እጥፍ የሆነ ማንጎ፣ የሕፃንነት ጡጦው ግንዱ ሥር ተቀምጦ ነው። ግንዱ ዘወትር ይረጥባል፣ ሥሮቹ ዳር ላይ ይጠማሉ። ባለቤቱም «ጠብታው አይበቃውም» ይላል። እውነቱን ነው፤ እንዳይበቃው ያደረገው ግን ማን ሆነና።

አቮካዶ የሚሞተው ደግሞ በፍቅር ነው። ሥሩ አየር ይወዳል፤ ውኃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ፊቶፍቶራ የተባለው የሥር በሽታ የሚጠብቀው እንዲህ ያለውን ቀን ነው። ሥሩ ሲበሰብስ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ባለቤቱ የጠወለገ ቅጠል አይቶ ምን ይላል? «ጠማው!» ይጨምርለታል። የባሰ ይጠወልጋል። አሁንም ይጨምርለታል። ዛፉ ሲደርቅ «ስንት ውኃ አጠጥቼው!» እያለ ለቅሶ ይቀመጣል። ማንጎ በበኩሉ ከማበቡ በፊት ጥቂት ወራት ውኃ ቢጓደልበት አበባው ይበረክታል። ያን ጊዜ ሳይተው ያጠጣው ሰው የሚያገኘው ለጥላ የሚሆን ቅጠል ነው። ጥፋተኛው ግን የታወቀ ነው፤ ችግኙን ያመጣው ባለሙያ።

ስለ ገበሬው ብቻ ካወራን ግን አድልዎ ይሆናል፤ ቱቦውን ወዳመጡት እንሂድ። የጠብታ መስኖ በዓመት ውስጥ የሚሠራባት አንዲት ቀን አለች፤ የመስክ ቀን። በዋዜማው በርሜሉ ይሞላል፤ ውኃውን በጀሪካን ተሸክመው የሞሉት ሴቶች ናቸው። ቱቦው ከአቧራ ይወለወላል፣ ማጣሪያው ከአጥሩ ይወርዳል። በማግሥቱ ኮፍያና ቲሸርት ይታደላል፣ ሪባን ይቆረጣል፣ ሞዴል አርሶ አደሩ ማይክራፎን ይዞ ሕይወቱ እንዴት እንደተለወጠ ይናገራል። ሁሉም ጎንበስ ብሎ ጠብታዋን በስልኩ ያነሣታል። መኪኖቹ ሲሄዱ ጠብታዋም ትሄዳለች። ሪፖርቱ ላይ ግን ይህን ያህል ሔክታር በዘመናዊ መስኖ ተሸፈነ ተብሎ ይጻፋል። ውጫሌ የአምባሰል ከተማ ናት፤ አንድ ወረቀት ሁለት እውነት ሊይዝ እንደሚችል ዓለም በ1881 ዓ.ም. ከተፈረመው የውጫሌ ውል ተምሯል። የመስኖ ሪፖርት ጸሐፊዎቻችን ትምህርቱን ረስተውታል ማለት ሐሜት ነው።

ዕቃ አድሎ፣ ሪፖርት ጽፎ የመሄድ ልማድ በጠብታ አልተጀመረም። ከ1995 ዓ.ም. ድርቅ በኋላ በየጓሮው ውኃ ማቆሪያ ኩሬ ይቆፈር ተብሎ ዘመቻ ታወጀ፤ ለብዙዎቹ ኩሬዎች ላስቲክ ተሰጠ። ላስቲኩ በየመንደሩ ጠቀመ፤ የጤፍ ክምር ሸፈነ፣ የሚያፈስ ጣሪያ ደፈነ፣ ገበያ ላይ ጥላ ሆነ። ጉድጓዱ ደግሞ የከብት ወጥመድ ሆኖ ቀረ። በሰሜን ወሎ ቆቦም ከጥልቅ ጉድጓድ በሞተር የሚወጣ ውኃ በጠብታ መስመር ለገበሬው ማሳ ቀርቦ ነበር፤ ከማሳዎቹ ብዙዎቹ ወደ ቦይ ተመልሰዋል። በዘመቻው ቱቦው ተሰጠ፤ ቱቦውን በየሳምንቱ ጎንበስ ብሎ የማየት ልማድ ግን በዘመቻ አይታደልም።

የተጣለው ቱቦ የት ገባ ካሉ፣ በከንቱ አልቀረም። ፍየል ታስሮበታል፣ ልብስ ተሰጥቶበታል፣ አጥር ተጠፍሮበታል፣ ልጆች ወንጭፍ ሠርተውበታል። አንዳንዱ ደግሞ በሌሊት ቦታ ቀይሯል፤ በማንጎው ረድፍ መካከል የተተከለውን ጫት ያጠጣል። ማንጎው ያለው ሪፖርቱ ላይ ነው፣ ጫቱ ያለው ገበያው ላይ። ከዘር የተተከለ ማንጎ ዓመታት ያስጠብቃል፤ ጫቱ ግን ውኃ ካገኘ በዓመት ደጋግሞ ይቆረጣል። እዚህ ላይ ገበሬውን ሞኝ የሚለው ካለ ሒሳብ አያውቅም። የሚገርመው ሌላ ነው። ለማንጎ ሲሆን «አይበቃም፣ ንፉግ ነው» የተባለው ጠብታ፣ ለጫት ሲሆን በቃ። ማጣሪያውም ታጠበ።

የሳዑዲዋ እህት ነገርም አለ። ስንት ዓመት በሰው ቤት ደክማ ለወንድሟ ሞተር፣ ቱቦና ሮቶ የምትገዛለት። በኢሞ ትደውልና «እስቲ ውኃውን አሳየኝ» ትለዋለች። ወንድሟ ጠብታ ቢያሳያት ገንዘቧን የበላው ይመስላታል። ስለዚህ የቱቦውን ጫፍ ይፈታና ወደ ሰማይ ይረጨዋል። «ማሻአላህ!» ትላለች። ስልኩ ሲዘጋ መክደኛዋ ጭቃ ውስጥ ጠፍታለች፤ በቦታዋም የበቆሎ ቆረቆንዳ ይወተፍበታል። አዲስ አበባ ተቀምጦ በስልክ የሚያርሰው ባለሀብትም ከእሷ አይሻልም። እሱ የሚጠይቀው «ስንት ዛፍ አለኝ?» ብሎ ነው። «ማጣሪያው መቼ ታጠበ?» ብሎ የጠየቀ ቀን ዘበኛው መስመሩ የተቀላቀለበት ይመስለዋል።

ፍርዱ እንዳይዛባ የገበሬውን ወገን እንስማ። የወንዝ ውኃ የሚመጣው በተራ ነው፤ ተራውን የሚያስከብር የውኃ አባት አለ። የጠብታ መስኖ የሚለው «በየቀኑ ጥቂት ጥቂት» ነው፤ የውኃ አባቱ የሚለው ደግሞ «ተራህ በሳምንት አንድ ቀን» ነው። መሐል ላይ ማጠራቀሚያ ከሌለ ሁለቱ አይታረቁም። ተራው ሲደርስ ውኃውን እንደ ጉድ ለቆ ማሳውን የሚያጥለቀልቀው ሰው፣ የሚቀጥለው ሳምንት ስለማይታመን ነው እንጂ ስላበደ አይደለም። ቱቦ የሰጠው አካል ግን ማጠራቀሚያ አልሰጠም። ብዙው ዓይነት ጠብታ የተሠራው አሥር ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ውኃ የሚሰጠውን ግፊት ያህል ታስቦ ነው፤ እኛ በርሜሉን ሦስት ድንጋይ ላይ አስቀምጠን፣ ለጥቂት መደብ ጎመን የሚሆነውን ዕቃ የማንጎ እርሻ እንዲያጠጣ እናዘዋለን። ነዳጁ ተወድዷል። የተሰበረች መገጣጠሚያ ለመግዛት ደሴ ወይም ኮምቦልቻ መሄድ ያስፈልጋል፤ የትራንስፖርቱ ዋጋ ከዕቃዋ ይበልጣል። ዕቃ ሲታደል መለዋወጫው ለምን አብሮ እንዳልመጣ የጠየቀ ሰው ደግሞ «አመስጋኝ አይደለም» ይባላል።

እንክብካቤ ምን እንደሚያደርግ ማየት ለፈለገ ግን ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ እዚያው ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያስተማሩበት ገዳም፣ በ1273 ዓ.ም. ግድም የተጻፈ ወንጌላቸውን እስከ ዘመናችን አቆይቷል። ብራና አይጥ ይወደዋል፣ እርጥበት ያበላሸዋል፣ ጦርነትና ቃጠሎ ይፈልገዋል። ከሰባት መቶ ዓመት በላይ የኖረው ሪባን ስለተቆረጠለት አይደለም። ስሙ የትም ያልተመዘገበ ዕቃ ቤት ጠባቂ በየዘመኑ ገልጦ አይቶ፣ አናፍሶ፣ ጠቅልሎ ስላስቀመጠው ነው። ገዳሙ ቀድሞ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ወንድ የሆነ ሰው በእግሩ ይገባበታል። ውኃው ሸሽቶ ይህ የሆነው የሞተር ድምፅ ሐይቁ ዳር ከመሰማቱ በፊት ነው። ሐይቁ ወደ ኋላ ማለት እንደሚችል አንዴ አሳይቶናል። አሁን ሞተሩም፣ ጫቱም፣ ሕዝቡም በዝቶ፣ ማንጎውን ሳይሆን መንገዱን የሚያጠጣ ቦይ መክፈት ድፍረት ነው። በቦይ ከሚለቀቅ ውኃ ግማሽ ያህሉ ሥሩ ጋር ሳይደርስ መቅረቱ የተለመደ ነው፤ በደንብ የተያዘ ጠብታ ግን ከአሥሩ ዘጠኙን ያደርሳል። «በደንብ የተያዘ» የሚለውን ሁላችንም ስናነብ እንዘለዋለን።

በደንብ የያዙም አሉ። የሚታወቁበት ምልክት ማሳቸው አሰልቺ መሆኑ ነው። ጭቃ የለ፣ ጩኸት የለ፣ የሚታይ ነገር የለ። የመስክ ቀን እነሱ ጋ አይደረግም፤ እንግዳ ቢመጣ የሚያየው የታጠበ ማጣሪያ ብቻ ነው። ብርቱካናቸው ግን ገበያ ላይ ከሌላው ቀድሞ ያልቃል።

ስለዚህ ቱቦ የምታድሉ ሰዎች፣ ሪባኑን ተዉትና በእሱ ገንዘብ መለዋወጫና ማጠራቀሚያ ጨምሩ። ቱቦ የተቀበላችሁም ምስማሩን ወደ ግድግዳው መልሱት። አንባቢ ሆይ፣ «የጠብታ መስኖ ለእኛ አገር አይሆንም» የሚል ሰው ሲገጥምዎ አይከራከሩት። ማጣሪያው የት እንዳለ ብቻ ይጠይቁት። «አጥር ላይ» ካለዎት የቀረውን እርስዎም እሱም ታውቁታላችሁ።